የእትዬ የሺ የባትሪ ክፍል

እትዬ የሺ በተቀበሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ የሌላ ሰው ነበር። ስማቸው ልክ ነው፣ የተወለዱበት ቀበሌም ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን እሳቸውን አይመስልም። «ትሑት፣ ታጋሽ፣ አንደበተ ቁጥብ» ሲባል አጠገቤ የቆሙት የጋራዣቸው ዋና መካኒክ ጋሽ ሞላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ተሳስተን የሰው ቀብር መጥተን እንዳይሆን» አሉኝ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ከኋላዬ የቆሙ ሴትዮ ያለቀስኩ መስሏቸው ክንዴን ይዘው ያጽናኑኝ ጀመር።

የባሰው ግን መጨረሻ ላይ መጣ። «ሕፃናትን አብዝተው የሚወዱ እናት ነበሩ» ተባለ። ይህን ስሰማ ሳቄ ቆመ። እትዬ የሺ ሕፃን አይወዱም ነበር። ሕፃን ሲያለቅስ ሲሰሙ የተሰበረ ማርሽ ድምፅ እንደሰማ መካኒክ ፊታቸው ይቋጠራል። ለእኔና ለልጄ ያደረጉትን ሁሉ ያደረጉት ሕፃን ሳይወዱ ነው። የማልረሳቸውም ለዚሁ ነው።

ጋራዡ መርሳ ላይ ዋናው አስፋልት ዳር ነው፤ ከፊቱ የመለዋወጫ ሱቅ፣ ከኋላው ግቢው። ባላቸው ሲሞቱ ወንድሞቻቸው መጥተው ሴት ጋራዥ ማስተዳደር አትችልምና ሽጪው ቢሏቸው፣ ባሌም አላስተዳደረውም፣ ጠጣበት እንጂ ብለው ሸኟቸው ይባላል። አጭር፣ ደልዳላ ሴት ነበሩ። በቀሚሳቸው ላይ የወንድ ሰማያዊ ጋዎን ይደርባሉ፤ መነጽራቸው ሲንሸራተት እጃቸው ሁልጊዜ በግራሶ የተለወሰ ስለሆነ በክንዳቸው ወደ ላይ ይገፉታል። ሲሳደቡ አያዳሉም። ሹፌሩን፣ ነጋዴውን፣ የቀበሌ ሹሙን በአንድ ሚዛን ይሰድባሉ። አንድ ጊዜ የንስሐ አባታቸው ሱቁ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ አንደበትሽን ግዢ» ብለው ቢመክሯቸው፣ ራሳቸውን በአክብሮት ዝቅ አድርገው፣ «እሺ አባ፤ የት ነው የሚሸጠው?» አሉ። አባም ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ምክሩን ተዉት።

እኔን የቀጠሩኝ ጦርነቱ አልፎ፣ ባዶውን የቀረው ሱቅ እንደገና ዕቃ መያዝ በጀመረ ጊዜ ነው። የሒሳብ ዲፕሎማዬን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አዩትና ይህ ነገር ካንዴላን ከኩሽኔታ ይለይልሽ እንደሆነ ንገሪኝ አሉ። አይለይልኝም አልኳቸው። «ደግ፤ ቢያንስ አትዋሺም» አሉና በማግስቱ ገባሁ። የጋራዡ ዕቃ ስም ሁሉ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ስለሆነ ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ስድቡን ግን ቶሎ ለመድኩት።

ሳረግዝ የወሊድ ፈቃዱ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ተገረሙ። የአይሱዙ ሞተር እንኳ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታድሶ በሳምንት ይገባል አሉ። ቢሆንም ሳይከራከሩ ሸኙኝ፤ ደመወዜም አልተቋረጠም።

ከወለድኩ በኋላ ስመለስ ልጄን ማኅሌትን ለእናቴ ትቼ ነበር። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ርቆ ገጠር ውስጥ ያስተምር ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የእሱ ደመወዝ ብቻውን የቤት ኪራዩንም አይሸፍን፤ ሥራ ልተው ብዬ ማሰብ አልችልም። ማኅሌት ግን ጡጦውን እንቢ አለች። እናቴ የላም ወተት አቅጥና ስትሰጣት ወይ ትተፋዋለች ወይ ትታመማለች። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ሚዛኗ ወርዶ ተገኘ። ነርሷ ገና የእናት ጡት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ታዲያ ለምን አትሰጪያትም ስትለኝ ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ቤት ልጄ በረሃብ ታለቅሳለች፤ ሱቅ ውስጥ እኔ ወተት ሞልቶኝ እጨነቃለሁ። ሲብስብኝ ከግቢው ጀርባ ወዳለው ሽንት ቤት እሄዳለሁ። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። በአንድ እጄ የበሩን ሲባጎ ይዤ፣ በሌላው ጡቴን እያለብኩ ግድግዳው ላይ አፈሰዋለሁ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ውጭ መካኒኮቹ ወረፋ ሲጠብቁ እሰማቸዋለሁ፤ አንዱ፣ ምን በልታ ነው እንዲህ የምትቆየው ብሎ ሲያሾፍም ሰምቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእትዬ የሺ መንገርማ በሕልሜም አልመጣልኝም።

ብዙም ሳይቆይ አንዱ ጡቴ ደነደነ፤ ትኩሳት ያዘኝ። በዚያው ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የፍሬን ሸራ ጠይቆኝ የሌላ መኪና ሰጥቼው ኖሮ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ እየተሳደበ ተመለሰ። እትዬ የሺ ሹፌሩን መልሰው ሰድበው ካስወጡት በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። የሚመጣውን ስለማውቅ አቀረቀርኩ። ስድቡ ግን አልመጣም። ቀና ስል ሸሚዜን እያዩ ነው። ከደረቴ እስከ ሆዴ ርሶ ነበር።

«ራዲያተርሽ ያፈሳል» አሉኝ።

በዚያች ቃል እንባዬ ገነፈለ። እሳቸው ደግሞ እንባ አይችሉም፤ ሰው ሲያለቅስ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። ብሎን ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ እየተነጫነጩ ሁሉንም አናዘዙኝ። የት ነው የምታልቢው ሲሉኝ ነገርኳቸው። ተነስተው ወደ ጀርባ ሄዱ። ሲመለሱ ዝም ብለው ቆሙ። እሳቸው ዝም ሲሉ ከስድባቸው ይልቅ ያስፈራል።

«እኔ እዚያ ለመሽናት እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነው የምገባው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ጋሽ ሞላን ጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱኝ፣ ከዚያም ቤቴ እንዲያደርሱኝ አዘዟቸው፤ ሳልድን ብመለስ ደግሞ እግሬን እንደሚሰብሩት ነገሩኝ።

ድኜ ስመለስ ሱቁና ግቢው መሐል ያለው የባትሪ ክፍል ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። በጋራዡ ውስጥ ቁልፍ ያለው፣ ጣሪያው የማያፈስ ብቸኛ ክፍል እሱ ነበር። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። ከተገለበጠ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር ገብቶበታል። በሩ ላይ ከውስጥ የሚዘጋ ወፍራም መቀርቀሪያ ተበይዷል። ባትሪዎቹ የት ሄዱ ብዬ ስጠይቅ ጋሽ ሞላ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በአገጫቸው አሳዩኝ። ባትሪዎቹ በሙሉ የሄዱት ወደ ዳንኤል ቢሮ ነው።

ዳንኤል የመጨረሻ ልጃቸው ነው። የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ይባላል፤ ቢሮ፣ የሚሽከረከር ወንበርና ማኅተም አለው። ረፋድ ላይ ይመጣል፣ ሞተር ሳይክሉን ያስወለውላል፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይሄዳል። ይህ ጋራዥ ነው ወይስ አዋላጅ ቤት ብሎ እናቱን ቢጠይቅ፣ አንተ ከምትቀመጥበት ባትሪ ቢቀመጥበት ቢያንስ ይሸጣል የሚል መልስ አገኘ።

በሩ ላይ ምን ይጻፍ በሚለውም ክርክር ተነሣ። አንዱ መካኒክ «የእናቶች ክፍል» እንበለው አለ። እትዬ የሺ እንደሱ ከተባለማ የመርሳ ወንድ ሁሉ በመስኮት ሊያይ ይመጣል ብለው፣ መኪና ላይ ጥቅስ የሚጽፈውን ሠዓሊ አስጠሩ። የሞተ ሰው ራስ ቅል፣ ሁለት የተነባበረ አጥንት፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም «አደጋ! ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል!» አስጻፉ። ከዚያ ወዲያ ያንን በር የሚነካ ወንድ አልነበረም።

እናቴ ረፋድ ላይና ከሰዓት ማኅሌትን አዝላ ትመጣለች፤ እኔ ከራስ ቅሉ ጀርባ ገብቼ አጠባለሁ። እትዬ የሺ ሱቁን ይይዙልኛል። ልጄን አንድም ቀን አልታቀፏትም። «መለዋወጫዋ መጣች» ይላሉ ከሩቅ። ማኅሌት ሚዛኗ ሲጨምር በነገርኳቸው ጊዜ እንኳ ከዕቃቸው ቀና ሳይሉ፣ ኦሪጅናል ዕቃ እንዲህ ነው አሉ።

ከተማው ምክንያት ይፈልግላቸው ጀመር። በወጣትነታቸው ልጅ ሞቶባቸው ነው፤ ጡታቸው ደርቆ ነው፤ ስለት አለባቸው። የዕድር ሴቶች እየተቀባበሉ ሲያወሩት እኔም አመንኩ። አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋቸው።

«ማን ነው የሞተብኝ?» አሉ ደንግጠው። «አራቱም አሉ። አንዱንም በወጉ አላጠባሁ፤ በላም ወተት አድገው በሬ በሬ አክለዋል። ዳንኤልን እዪው።»

ታዲያ ለምን አልኳቸው። መነጽራቸውን በክንዳቸው ገፉ።

«አንቺ እዚያ ሽታ ውስጥ ቆመሽ የልጅሽን ምግብ ግድግዳ ላይ ስታፈሺ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ በዘይት ዋጋ እጨቃጨቅ ነበር። ሳውቅ አፈርኩ። ማፈር ደግሞ አልወድም፤ አላስለመደኝም።»

ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ከአፋቸው አልወጣም።

ክፍሉ የእኔ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ማዶ ያለው ባንክ ውስጥ የምትሠራ ልጅ መጣች፤ ከሲሪንቃ ማንጎ ይዛ የምትመጣ ሻጭም መጣች። ከሁሉም የማይረሳኝ የትራፊክ ፖሊሷ ነገር ነው። ከጋራዡ ፊት ለፊት ቆማ ደንበኞቻችንን የምትቀጣ፣ መካኒኮቹ እንደ ጠላት የሚያዩዋት ሴት ናት። አንድ ቀን ገብታ በለሆሳስ ሽንት ቤት ጠየቀች። እትዬ የሺ የደንብ ልብሷን የራሰ ደረት አየት አድርገው፣ የምትፈልጊው ሽንት ቤት አይደለም፣ እዚያ ግቢ ብለው ወደ ራስ ቅሉ አመለከቷት። ሴትየዋ ተኮሳትራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እኔ ሄጄ በሩን ከፍቼ እስካሳያት ድረስ በኤሌክትሪክ ሊገድሏት ያሰቡ ነበር የመሰላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትመጣለች። መካኒኮቹ ተደሰቱ፤ ቅጣት ቀረ አሉ። እሷ ግን ጥቂት ሰንብታ የራሳቸውን የእትዬ የሺን ፒካፕ መንገድ ዘግቶ ቆሟል ብላ ቀጣችው። ዳንኤል ተቆጣ፤ ሁለተኛ እንዳትገባ አለ። እትዬ የሺ ቅጣቱን ከፍለው ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ሠርግ ቀን በርቶ ነበር። ክፍሉን የሰጠኋት ለጡቷ ነው እንጂ ለሕሊናዋ አይደለም ብለው ልጃቸውን ዝም አሰኙት።

ነገር የመጣው ከወልድያው አቶ ሲሳይ ነው። አውቶቡሶች አሏቸው፤ የጋራዡ ትልቁ ደንበኛ እሳቸው ነበሩ። አንድ ከሰዓት አንዱ አውቶቡሳቸው መንገድ ላይ ቆሞባቸው በንዴት መጡ። የሚፈልጉት ዕቃ ያለበት ሣጥን ቁልፍ በእኔ ኪስ ነው፤ እኔ ደግሞ ውስጥ እያጠባሁ ነው። እትዬ የሺ ትንሽ ይታገሱ አሏቸው። የሚጠብቁት አንዲት ሠራተኛን መሆኑ ሲገባቸው ባሰባቸው። አቶ ሲሳይ የራስ ቅሉን አልፈው በሩን በቡጢ ደበደቡት። ማኅሌት ከጡቴ ተላቅቃ ጮኸች፤ እኔ ሸሚዜን መዝጋት አቃተኝ። ከውጭ የእትዬ የሺን ድምፅ ሰማሁ። አልጮሁም።

«አቶ ሲሳይ፣ እርስዎም ጠብተው ነው ይህን ሆድ ያወጡት። ይቀመጡ።»

መካኒኮቹ ሳቁ። መሳቃቸው ነው ነገሩን ያበላሸው። አቶ ሲሳይ ወይ ይቺ ልጅ ከሥራ ትወጣለች፣ ወይ አውቶቡሶቼ ከእንግዲህ ወልድያ ነው የሚሠሩት ብለው ዕቃውን ሳይወስዱ ሄዱ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ግቢው ባዶ ሆነ። መካኒኮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳማ ይጫወታሉ። ሲያዩኝ ዝም ይላሉ፤ ጋሽ ሞላ እንኳ ሰላምታቸው አጠረ። ልጆች አሏቸው፤ አልፈርድባቸውም። ዳንኤል ጠዋት ጠዋት እየመጣ እናቱን ይሟገታል። ሳስበው ሰንብቼ አንድ ቀን እትዬ የሺን ሥራ ልልቀቅ አልኳቸው፤ በእኔ ምክንያት ይህ ሁሉ ሰው ከሚቸገር።

ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንደዚያ አድርገው አያውቁም።

«በአንቺ ምክንያት አይደለም፤ በር ስለደበደበ ነው» አሉ። «ዛሬ አንቺን ባስወጣ ይመለሳል። ነገ ሞላ አርጅቷል፣ አስወጪው ይለኛል። ከነገ ወዲያ እኔን። የማን ጋራዥ እንደሆነ ሳላውቅ ልሙት?»

ቆይተው ግን አንድ ደመወዝ መቀነስ እንዳለበት እውነት ነው አሉ። የእኔው መሰለኝ። ተነሥተው ወደ ባትሪዎቹ ቢሮ ሄዱ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ዳኒ፣ ምንድነው የምትሠራው?»

«ሥራ አስኪያጅ ነኛ» አለ።

«እሱን አውቃለሁ። ምንድነው የምትሠራው?»

ዳንኤል ከሚሽከረከረው ወንበሩ ተነሣ።  ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ወጣ፤ በዚያው ሰሞን ወልድያ አቶ ሲሳይ ዘንድ ሥራ ገባ ሲባል ሰማን። እሱ በሄደበት ቀን ከሰዓት በኋላ ማኅሌት መጥታ ወደ ክፍሉ ብሄድ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ጠበቅሁ። እትዬ የሺ ናቸው የወጡት። ዓይናቸው ቀልቷል። የአሲዱ ሽታ እስካሁን አለቀቀም አሉኝና አለፉ። ባትሪዎቹ ከወጡ ግን ወራት ሆኗቸው ነበር።

ጋራዡን ያዳነው ባጃጅ ነው። እትዬ የሺ ባጃጅን ሦስት እግር ያለው በረሮ ብለው ይንቁት ነበር፤ አንድም ቀን ግቢያቸው አስገብተው አያውቁም። አሁን ግን ራሳቸው መንገድ ላይ ወጥተው ባጃጅ ይጠሩ ጀመር። ትላልቅ ሞተር ሲያወርዱ የኖሩት ጋሽ ሞላ በርከክ ብለው ባጃጅ ሲፈቱ ውርደት መሰላቸው። ይሁን እንጂ ባጃጆቹ በዙ፤ ዳማውም ቀረ። አቶ ሲሳይ አልተመለሱም። ዳንኤል ከዓመት በኋላ ተመለሰ፤ እናቱ ቱታ ሰጥተው ከጋሽ ሞላ ሥር መደቡት፤ እሱም ለበሰው። ዛሬ ጥሩ መካኒክ ነው። የቀብሩን ወረቀት የጻፈውም እሱ ነው፤ ለእናቱ ደግ ደጉን መጻፉ አይከፋኝም።

እትዬ የሺን የጣላቸው ስኳር ነው፤ ከዚያ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ። ወልድያ ሆስፒታል ሰንብተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጠያቂው ብዙ ነበር። ሁሉም አንገቱን ሰበር አድርጎ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይቀመጣል፤ ይተክዛል፤ ይሄዳል። የሰደቧቸው ሰዎች ሁሉ መጥተው በትሕትና ተቀመጡ። ያ ከሕመሙ የበለጠ እንደሚያደክማቸው ፊታቸው ላይ አየሁ።

አንድ እሑድ ብቻቸውን ሳገኛቸው ይዤው የኖርኩትን ምስጋና ልናገር አፌን ከፈትኩ። በደህናው እጃቸው አቋረጡኝ። አፋቸው በአንድ በኩል ተንጋዶ ስለነበር ቃሉን ለማውጣት ይታገላሉ።

«ምርቃት ሰለቸኝ። ሰው ሁሉ የሞትኩ ያህል ነው የሚያናግረኝ። አንቺ ስደቢኝ።»

እንዴት አድርጌ እርስዎን እሰድባለሁ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ዓይናቸው ውስጥ ልመና አየሁ፤ እትዬ የሺ ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። «እርስዎ በጣም አስቸጋሪ ሴት ነዎት» አልኩ።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ውኃ አጠጣኋቸው።

«በአንቱታ ስድብ አለ? ሐዘን ቤት የመጣሽ አስመሰልሽው። አንቺ በዪኝ።»

እናቴን እንኳ እንደዚያ ደፍሬ አላውቅም። በሩ ላይ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩና በሹክሹክታ፣ «አንቺ ዘይት የምታንጠባጥቢ አሮጌ ሞተር» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ደህናው የአፏ ጠርዝ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት።